ድልድዩን ያስቆመችው ቃል

ይህን የምጽፈው ከቻይናውያን ጋር በእንግሊዝኛ እየተግባባችሁ ለምትሠሩና እንግሊዝኛ ለምታስተምሯቸው ነው። በመንገድ ሥራ፣ በፋብሪካ፣ በመጋዘን እንዲህ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔ በአንዲት አጭር ቃል ምክንያት ከሥራዬ ልባረር ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ከእኔ የባሰ የተጎዱት ግን ሥራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ቃሏ «ራን» ነች፤ ሁላችንም በትምህርት ቤት «ሮጠ» ብለን የተማርናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቻይና የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ካምፑ ከከተማ የራቀ ነበር፤ ዋናው ሥራ በአንድ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራት ነው። ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ናፍጣው የሚገባውም የሚወጣውም በእኔ መዝገብ ነበር። ያኔ ቻይንኛ አልችልም፤ እነሱም አማርኛ አይችሉም። የሚያገናኘን ለሁለታችንም የባዕድ የሆነው እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

የጄኔሬተሩ ባለሙያ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሁሉም «ሺፉ» እያለ ይጠራቸዋል። ቻይናውያን በእጁ ሙያ የተካነን ሰው የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። እኔን «ሻውሜይ» ይሉኛል፣ ታናሽ እህት እንደ ማለት።

የድልድዩ ወለል አርማታ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ሥራው ከጧት ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተካሄደ መሸ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ የጄኔሬተሩን ታንከር በመለኪያው ዘንግ ስለካ ነዳጁ ከስንዝር በታች ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሺፉ ሮጥኩና በሞተሩ ጩኸት መሀል እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ «ሺፉ፣ ዘ ፊዩል ኢዝ ራኒንግ አውት!» አልኳቸው። ነዳጁ ሊያልቅ ነው ማለቴ ነበር።

ፊታቸው ተለዋወጠ። አንድ ቃል ሳይመልሱ ሄደው ጄኔሬተሩን አጠፉት። ካምፑ በሙሉ ጨለመ፤ አርማታውን የሚገፋው ፓምፕም፣ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተርም ቀጥ አለ። በቻይንኛ እየጮኹ ሰዉን ከአካባቢው አስወጡ፣ የእሳት ማጥፊያ አስመጡ፣ ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዘው ከሞተሩ ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ። እኔ ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም። «ኖ፣ ሺፉ፣ ራኒንግ አውት! ራኒንግ አውት!» እያልኩ ታንከሩን በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ይደነግጣሉ፣ ጣቴ ያመለከተውን ቦታ በጨርቅ እየጠረጉ ደግመው ይፈትሹታል። የሚፈልጉት የሚፈስበትን ቀዳዳ ነበር። ነዳጁ በቱቦ እያመለጠ ነው ያልኳቸው መስሏቸዋል።

ነገሩ እስኪገለጥ፣ ናፍጣ ከመጋዘን እስኪመጣና ሞተሩ እስኪነሳ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሄደ። ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ ከነካው በኋላ ሰው አይጠብቅም። ሚክሰሩ ውስጥ የነበረው ደረቀ፣ ካሳፎርማው ላይ የፈሰሰውም ጨበጠ። በማግስቱ የመጣው አማካሪ መሐንዲስ ያ ክፍል እንዲፈርስ አዘዘ፤ በደረቀው ላይ አዲስ ቢፈስስበት መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል፣ ውሃ በዚያ ሰርጎ ፌሮውን ያዝገዋል። ለቀናት ጃክሃመር ሲጮህ እየሰማሁ መዝገቤን ጻፍኩ። ከእኔ ደመወዝ ተቆረጠ። ከሺፉ ደመወዝ ከእኔ የበለጠ ተቆረጠ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊትም ቆመው ተወቀሱ። ራሳቸውን ደፍተው ሲሰሙ አየኋቸው። ያኔ ግን አላዘንኩላቸውም፤ ተናድጄ ነበር። «ራኒንግ አውት»ን የማያውቅ ሰው እንዴት ይህን ሥራ ይይዛል እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ። ይህን ማውራቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለስድስት ቻይናውያን ባለሙያዎች በሳምንት ሁለት ምሽት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ታዘዝኩ። ሺፉም አንዱ ተማሪ ሆኑ። እኔም በንዴት የጀመርኩት «ራን»ን በማስተማር ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ቁጭ አልኩና ያገኘኋቸውን ትርጉሞች በሙሉ ደረደርኩ፦ ሮጠ፣ ፈሰሰ፣ ሠራ፣ አስተዳደረ፣ ለምርጫ ተወዳደረ፣ አለቀ፣ በመኪና ገጨ... ሃያ ሰባት ሆኑ። አባዝቼ ሰጠኋቸው።

እንዴት ያሉ ተማሪዎች እንደነበሩ ብነግራችሁ! ከአሥር ሰዓት ሥራ በኋላ፣ እጃቸው ግሪስ እየሸተተ፣ እያንዳንዱን መስመር በእጃቸው አሥር ጊዜ ጽፈው መጡ። በሺህ የሚቆጠሩ ፊደላትን በልጅነታቸው እየጻፉ ያጠኑ ሰዎች ስለሆኑ በቃል መያዝ አይከብዳቸውም። ፈተንኳቸው፣ ሁሉም ደፈኑ። በሦስተኛው ቀን የውሃ ቦቴው በየሁለት ሰዓቱ እንደሚመላለስ ለመንገር «ዘ ዋተር ትራክ ራንስ ኤቭሪ ቱ አወርስ» ስላቸው ሺፉ ቅር ብሏቸው፣ ውሃ የጫነ መኪና ለምን በፍጥነት ይነዳል ብለው ጠየቁኝ። ሃያ ሰባቱ ትርጉሞች በወረቀቱ ላይ ቀርተዋል። ሰው ሲናገር ወደ ጭንቅላታቸው የሚመጣው ያው የመጀመሪያው፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ከ«ራን» ጎን የጻፉት «ፓው» ብቻ ነበር። «ፓው» በቻይንኛ ሮጠ ማለት ነው።

ቃሉን በመደርደር መጨረስ እንደማይቻል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለአዲሱ እትማቸው «ራን»ን ሲያጠኑ በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረውለታል። ከዚያ በፊት በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ሁለተኛው እትም ብዙ ትርጉም በመያዝ የሚመራው በእንግሊዝኛ «ሴት» የሚባለው፣ ማስቀመጥን የሚያመለክተው ቃል ነበር፣ 430 ትርጉም ይዞ። 645ቱን የሚያስተምር መምህር የለም፣ የሚይዝም ተማሪ የለም። እንግሊዛዊ ልጅም እንዲያ አልተማረውም።

መንገዱ የተገለጠልኝ አንድ የክረምት ምሽት ነው። ትምህርት ጨርሰን ስንወጣ ዶፍ ይወርዳል። ሺፉ ጃንጥላ ዘረጉና ነይ... ነይ... በሚል ምልክት እየጠሩኝ «ዳ ሳን፣ ዳ ሳን» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ጥቂት ቻይንኛ መልቀም ጀምሬ ነበር፤ «ዳ» መታ ማለት እንደሆነ፣ «ሳን» ጃንጥላ እንደሆነ አውቃለሁ። ጃንጥላ ምታ ማለት ምን ማለት ነው? ጠየቅኋቸው። ግራ ገባቸው፤ ጥያቄው ራሱ ከዚህ በፊት መጥቶባቸው አያውቅም። ከዚያ ጣሪያው ሥር ቆመን በእጃቸው እያሳዩ ይዘረዝሩልኝ ገቡ። ስልክ መደወል «ዳ ዲየንኋ» ነው፣ ስልክ መምታት። ኳስ መጫወት «ዳ ቺው»። መርፌ መወጋት «ዳ ጀን»። ታክሲ መያዝ «ዳ ቸ»። ሹራብ መሥራትም «ዳ»፣ ውሃ መቅዳትም «ዳ»። ከዚያ በጣታቸው እርጥቡ ግድግዳ ላይ ፊደሉን ጻፉና ግራ ጎኑን አሳዩኝ፤ የእጅ ምልክት አለበት።

ያን ጊዜ ያስተዋልኩት ይህን ነው። ሺፉ የ«ዳ»ን ትርጉም አልቆጠሩልኝም። አንድም ጊዜ «ዳ» ብቻዋን አልወጣችም፤ ሁልጊዜ ጓደኛዋን አስከትላ ነው የመጣችው። ኳስ ስትከተል ጨዋታ ናት፣ መርፌ ስትከተል ሕክምና፣ ጃንጥላ ስትከተል ዝናብ። የኛንም «ያዘ» አሰብኩ። ሌባ ያዘ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ ዝናብ ያዘኝ፣ ቂም ያዘ፣ ታክሲ ያዘ፣ ስልኩ ተይዟል። ማን ዘርዝሮ አስተማረን? ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል አይተን ነው ያወቅነው።

በዚያው ምሽት ልቤ እየፈራ ስለ «ፓው» ጠየቅኋቸው። ከሩጫ ሌላ ምን ትላላችሁ? ሺፉ ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ ጃንጥላውን ይዘው ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ወሰዱኝ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉ አራት የቻይንኛ ፊደላት አሉ፤ በየቀኑ ነዳጅ ልለካ ስገባ አያቸዋለሁ፣ አንድም ቀን ምን ይላሉ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በባትሪያቸው አንድ በአንድ እያበሩ አነበቡልኝ፦ «ፓው፣ ማው፣ ዲ፣ ሎው»። በቻይና ፋብሪካዎች ሁሉ የታወቀ የጥንቃቄ ማሳሰቢያ ነው። ማምለጥ፣ መገንፈል፣ መንጠባጠብ፣ ማፍሰስ፤ ከቱቦና ከማሽን መውጣት የሌለበት ነገር የሚወጣባቸው አራት መንገዶች። የመጀመሪያው ፊደል በግራ ጎኑ የእግር ምልክት ያለበት ያው «ፓው» ነው። በቻይንኛ ሌባ ሲያመልጥ «ፓው» ነው፣ ዘይት ከቱቦ ሲያመልጥም «ፓው ዮው»፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክም «ፓው ዲየን»። እኛስ «ጋዙ ያመልጣል» እንል የለ?

በሩ ላይ ቆሜ ያ ሌሊት እንደገና ታየኝ። እኔ «ነዳጅ፣ እየሮጠ፣ ወደ ውጭ» ብዬ ነበር የጮህኩት። ሺፉ የሰሙት በሩ ላይ የተጻፈውን ነው። ነዳጅ እያመለጠ ነው ተብሎ የተነገረው ሰው ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርገዋል፦ ሞተሩን አጥፍተዋል፣ ሰዉን አርቀዋል፣ እሳት ማጥፊያ አስመጥተዋል፣ ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተው ከሥሩ ገብተዋል። በእንግሊዝኛ አለማወቅ ተወቀሱ እንጂ ያን ሌሊት የተሳሳተ ሥራ የሠሩት እሳቸው አልነበሩም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ባትሪውን አጠፉና «ሜይ ሺ» አሉኝ፣ ምንም አይደለም። በማግስቱ ለኃላፊው ስህተቱ የእኔ እንደነበር በጽሑፍ አስረዳሁ፤ የተቆረጠው ደመወዝ ግን አልተመለሰላቸውም።

ዓረፍተ ነገሬን መልሼ ሳየው እንግሊዝኛውም ራሱ ወጥመድ እንዳለው ገባኝ። «ዘ ፊዩል ኢዝ ራኒንግ አውት» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፣ እያለቀ ነው ወይም እየወጣ ነው። «ዊ አር ራኒንግ አውት ኦፍ ፊዩል» ብል ኖሮ ግን ባለቤቱ «እኛ» ስለሚሆን ትርጉሙ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብቻ ነው። እኛ ከቱቦ አንፈስስም። ይህን ልዩነት ለማስተማር የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ቆርጬ በደረቅ አሸዋ ሞላሁትና ክዳኑን በሚስማር በስቼ ክፍል ውስጥ ደፋሁት። አሸዋው በቀጭኑ ይወርዳል። «ዘ ሳንድ ኢዝ ራኒንግ» አልኩ፣ እየፈሰሰ ነው። ጠርሙሱ ሲጋመስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ዊ አር ራኒንግ አውት»፣ እያለቀብን ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ ስትወድቅ ባዶውን ጠርሙስ አንቀጨቀጭኩና «ዊ ሃቭ ራን አውት»፣ አለቀብን። የቻይንኛ ግስ በጊዜ ቅርጹን ስለማይቀይር «እያለቀ ነው»ንና «አልቋል»ን የሚለዩት ጨርሶ በሌላ መንገድ ነው፤ «ኩዋይ ሜይ ለ» ሊያልቅ ነው፣ «ሜይ ለ» አለቀ። ከስድስቱ አንዱ ወጣት ብየዳ ሠራተኛ ጠርሙሱን ተቀበለኝና አሸዋውን መልሶ ሞልቶ እሱ አስተማሪ ሆነ። ሃያ ሰባቱን ትርጉም የያዘውን ወረቀት ከዚያ ወዲህ ማንም አላወጣውም።

እንግዲህ የምታስተምሩ ከሆናችሁ ከዝርዝር አትጀምሩ። «ራን» የሚል ዓረፍተ ነገር በሰሙ ቁጥር መጀመሪያ «የሚሮጠው ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አስለምዷቸው። ሰው ከሆነ ይሮጣል። ሞተር ከሆነ ይሠራል። ውሃ ወይም አፍንጫ ከሆነ ይፈስሳል። አውቶቡስ ከሆነ ይመላለሳል። አንዲት ሴት «ራንስ ኤ ሆቴል» ከተባለ ሆቴሉን ታስተዳድራለች። ከዚያ በኋላ የምትከተለዋን ትንሽ ቃል ይመልከቱ፦ «ኢንቱ» ካለች ሳያስቡት መገናኘት ወይም መጋጨት ነው፣ «ኦቨር» ካለች መኪና ሰው ገጭቶ ይሆናል። ለእነሱ የሚቀርብ ሌላ መያዣም አለ፤ «ካይ» የሚሉት ቃላቸው፣ መክፈት። ማሽን ማስነሳትም፣ መኪና መንዳትም፣ ሱቅ መክፈትና ማካሄድም «ካይ» ነው። «ራን» ከሚገባባቸው ቦታዎች ብዙዎቹን «ካይ» እንደምትሞላ ስታሳዩአቸው ፊታቸው ይበራል። በተቃራኒው ቻይናዊ ባልደረባችሁ «ማሽኑን ኦፕን አድርግ» ካላችሁ መፍቻ አታንሱ። አስነሳው ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እኛም ሬዲዮ ክፈት እንላለን።

አደጋ ባለበት ቦታ ደግሞ «ራን»ን ጨርሶ ተዉት። ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ፣ ክሬን ያለበት ቦታ ላይ አንድ ትርጉም ብቻ ያለውን ቃል ምረጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ «ራኒንግ አውት»ን ትቼ «ፊዩል ሎው» ማለት ጀምሬ ነበር፣ ነዳጁ ዝቅ ብሏል ለማለት። አንድ ቀን ሺፉ እንደገና ተደናግጠው ሲነሱ አየኋቸው። በበሩ ላይ ያለው አራተኛው ፊደል «ሎው» ነው፣ ማፍሰስ! የእንግሊዝኛው «ሎው» ለቻይናዊ ጆሮ ቁርጥ ያን ይመስላል። ስለዚህ ቁጥር ተናገሩ። ስንት ሊትር ቀረ፣ ስንት ሰዓት ያሠራል። የሚያፈስ ነገር ካለ «ሊክ» በሉ፣ ከሌለም «ኖ ሊክ» ብላችሁ ጨምሩበት።

«ገባህ?» ብሎ መጠየቅም አይበቃም። እኛ ሳይገባን «እሺ» እንደምንለው እነሱም «ኦኬ» ይላሉ፣ ታላቅን ላለማሳፈር ወይም ራሳቸው ላለማፈር። «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ሌሊት ሺፉን እንዲህ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ይገለጥ ነበር። ካልተግባባችሁም ያንኑ ቃል ጮክ ብላችሁ አትድገሙት፤ ቃሉን ለውጡ፣ ሰውየውን እጁን ይዛችሁ ወስዳችሁ አሳዩት። በስልክ የምትተረጉሙ ከሆነም ቃሉን ብቻውን አትጻፉ፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ የወጣውን ቻይንኛ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት፣ ያላችሁት ተመልሶ ከመጣ ላኩት።

የድልድዩ ወለል በድጋሚ የተሞላ ዕለት ጄኔሬተሩ ቤት በር ላይ፣ ከአራቱ ቀይ ፊደላት በታች፣ ሺፉ አንድ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው አገኘሁ። በየሰዓቱ በጠመኔ ይጽፉበታል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የመለኪያውን ዘንግ ይዤ ስደርስ አስቀድመው ለክተው ጨርሰዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀጥ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈታቸው፣ ሰሌዳው ላይ «ዲዝል 40 ሊትር። 2 ሰዓት። ኖ ሊክ» ይላል። ናፍጣ የያዘውን በርሜል ከመጋዘን እያንከባለልኩ ወጣሁ፣ ሺፉም መጥተው በሌላው በኩል ያዙልኝ።